ጠርሙሱ ተሸፍኖ ይቀመስ፤ ወይን ጠጅን ከጓደኛ ጋር ስለ ማጣጣም

በታኅሣሥ ወር አንድ ቅዳሜ ምሽት ነው። ስድስት ሆነን አንድ ጓደኛችን ቤት ተሰባስበናል። ጠረጴዛው ላይ አምስት ጠርሙሶች በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልለው፣ በላስቲክ ታስረው፣ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ተጽፎባቸው ተደርድረዋል። የጠቀለለቻቸውና ቁጥር የሰጠቻቸው አልኮል የማትጠጣው የባለቤቱ እህት ስትሆን፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ከእሷ በስተቀር የሚያውቅ የለም። ሁላችንም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን፣ ሳንነጋገር እየቀመስን እንጽፋለን።

እኔ በሦስተኛው ቁጥር ትይዩ «ጥርስ ያጠርሳል፤ ርካሽ ነገር ነው፤ ለወጥ መሥሪያ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ። ጋዜጣው ሲገለጥ ሦስተኛው ጠርሙስ ከውጭ የመጣው፣ ከአምስቱም ውድ የሆነው፣ እኔው ራሴ «ዛሬ ወይን ምን እንደሆነ ላሳያችሁ» ብዬ ይዤው የመጣሁት ሆኖ ተገኘ። አብላጫውን ነጥብ ያገኘው ደግሞ ከሰፈር ሱቅ የተገዛ የአገር ውስጥ ወይን ጠጅ ነበር። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ቀይ ወይናቸውን ሁልጊዜ በአምቦ ውኃ እየበረዙ የሚጠጡት ጋሼ ሳቃቸውን ጨርሰው ሲያበቁ «ልጄ፣ እስከ ዛሬ ስትቀምስ የኖርከው ዋጋውን ነው» አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ምሽት ወዲህ በጓደኝነት ቅምሻችን የተማርነውን፣ እንዲሁም በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚሉትን ለጀማሪ በሚሆን መልኩ ያቀርባል። ዋናው ነገር አንድ ነው። ጠርሙሱ ሲሸፈን የወይኑ ማንነት ብቻ ሳይሆን የቀማሹም ማንነት ይገለጣል።

ዓይንና ዋጋ አፍን ሲመሩ

እንዲህ ዓይነቱ ውርደት የደረሰው በእኔ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ 54 የወይን ጠጅ ጥናት ተማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት አለ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ አንድ ነጭና አንድ ቀይ ወይን አሽትተው እንዲገልጹ ተደረገ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ያው ነጭ ወይን በሁለት ብርጭቆ ቀረበላቸው፤ አንደኛው ግን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ እንዲመስል ተደርጎ ነበር። ተማሪዎቹ ይህንን የተቀባ ነጭ ወይን የገለጹት ለቀይ ወይን በሚጠቀሙባቸው ቃላት ነው። ዓይናቸው ቀይ ስላለ አፍንጫቸውም ቀይ አለ ማለት ነው።

ዋጋም እንደ ቀለም ነው። በአሜሪካ የካልቴክና የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ለ20 ሰዎች «አምስት ዓይነት ወይን ትቀምሳላችሁ» ተብሎ የተሰጣቸው ሦስት ዓይነት ብቻ ነበር። ከእነዚህም አንዱ በአንድ ወገን 10 ዶላር፣ በሌላ ወገን 90 ዶላር ተብሎ ቀረበ። ሰዎቹ 90 ዶላር የተባለውን አብልጠው ወደዱት። በዚያው ሰዓት በመሣሪያ ሲታይ የነበረው አንጎላቸውም ከደስታ ስሜት ጋር በተያያዘው ክፍል ላይ የበለጠ እንቅስቃሴ አሳየ። ስለዚህ ሰዎቹ አስመስለው አልነበረም፤ ዋጋው በእርግጥም ጣፍጧቸዋል። ዋጋው ሳይነገር እንደገና ሲቀምሱ ግን ልዩነቱ ጠፋ። በዚያው ዓመት የወጣና ከ6,000 በላይ የተሸፈነ ጠርሙስ ቅምሻ ውጤቶችን ያገናዘበ ሌላ ጥናትም የወይን ሥልጠና የሌላቸው ሰዎች ዋጋውን ካላወቁ ውዱን ከርካሹ አብልጠው እንደማይወዱ፣ እንዲያውም በጥቂቱ ወደ ርካሹ እንደሚያደሉ አሳይቷል።

ባለሙያዎችም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1976 ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ በፓሪስ ሱቅ የነበረው እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይኖች ሸፍኖ ለዘጠኝ ታዋቂ ፈረንሳውያን ዳኞች አቀረበ። የፈረንሳይ አሸናፊነት ያለቀለት ጉዳይ ይመስል ነበር። ውጤቱ ሲቆጠር ግን ከነጮቹ ሻቶ ሞንተሌና፣ ከቀዮቹ ደግሞ ስታግስ ሊፕ የተባሉት የካሊፎርኒያ ወይኖች አንደኛ ወጡ። ሁለቱም የ1973 ምርቶች ነበሩ። ያ ቀን የዓለምን የወይን ገበያ አመለካከት እንደቀየረ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ነገሩ በእኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም። ጥር 12 ቀን በምናስበው የቃና ዘገሊላ ሠርግ ታሪክ የድግሱ አሳዳሪ የኋለኛው ወይን ከፊተኛው እንደሚሻል የመሰከረው ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ቀምሶ ነው። የደጋሾች ልማድ መልካሙን አስቀድሞ፣ እንግዳው ከጠጣ በኋላ ግን ተራውን ማቅረብ እንደነበረም ከዚሁ ታሪክ እንረዳለን። አፍ ሲደክም መለየት እንደሚያቅተው ድሮም የታወቀ ነገር ነው።

ለቅምሻው ምን ያስፈልጋል?

ብዙ ነገር አያስፈልግም። ስድስት ሰውና አምስት ጠርሙስ ይበቃል። ለአንድ ቅምሻ 50 ሚሊ ሊትር ማለትም ከአንድ ሲኒ ቡና ያነሰ ይቀዳል። በዚህ ስሌት አንድ ሰው ከአምስቱ ጠርሙስ ቢጠጣ 250 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት ብርጭቆ ገደማ ይሆንበታል። ቀሪው ጋዜጣው ከተገለጠ በኋላ ለእራት ይቆያል።

ብርጭቆው አፉ ከሆዱ ጠበብ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ሽታው ቶሎ እንዳያመልጥ ነው። ብርሌያችንም ይህንኑ ሥራ ለጠጅ ሲሠራ የኖረ ዕቃ ነው። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ብርጭቆ ይያዝ። ብርጭቆው በሳሙና ከታጠበ ሽታው እስኪጠፋ በደንብ መለቅለቅ አለበት።

ቀይ ወይን ከ15 እስከ 18፣ ነጭ ወይን ደግሞ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ቢቀርብ መልካም ነው። «ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም» የሚባለው የአውሮፓን ቀዝቃዛ ቤት በማሰብ የተባለ ነው። ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው በዋለ የአዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ የቆመ ቀይ ወይን ለ20 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ቢገባ አይከፋውም። ወይን ሲሞቅ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫን ይመታል።

በእኛ ቤት ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለሽታ ነው። ዕጣን አይጨስ፤ ቡናው ከቅምሻው በኋላ ይቆላ፤ ሽቶም በዚያን ዕለት ይቅር። በርበሬ የበዛበት ምግብ የአልኮሉን ማቃጠል ስለሚያብሰው ለቅምሻው ተራ ዳቦና ውኃ ይበቃል። ዶሮ ወጡ ይቆይ።

መትፋትን በተመለከተ ለእኛ ሰው ይከብዳል። የቀረበለትን ቀምሶ የሚተፋ እንግዳ በየትኛው ቤት ይወደዳል? ሆኖም ሙያተኞች የሚተፉት ንቀው ሳይሆን አምስተኛውን ጠርሙስ እንደ አንደኛው ለመመዘን ነው። ለሚፈልግ ሰው ሽፋን ያለው ዕቃ ማስቀመጥና ማንም እንደማይቀየም አስቀድሞ መናገር ችግሩን ይፈታዋል።

ማየት፣ ማሽተት፣ መቅመስ

መጀመሪያ ይታያል። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጎ ጠርዙን ማየት ነው። ቀይ ወይን ዕድሜው ሲገፋ ከሐምራዊነት ወደ ጡብ መሳይ ቀለም ይሄዳል፤ ነጭ ደግሞ እየጠቆረ ወርቃማ ይሆናል።

ቀጥሎ ይሸተታል። መጀመሪያ ሳይነቃነቅ፣ ከዚያ ብርጭቆው በቀስታ ተሽከርክሮ ማሽተት ይገባል። የተሽከረከረው ወይን ከአየር ጋር ሲገናኝ ሽታው ይነሳል። በዚህ ጊዜ ጀማሪን የሚያስፈራው የቃላት ጉዳይ ነው። የውጭ መጻሕፍት ካሲስ፣ ቼሪ፣ ትራፍል ይላሉ። ካሲስ የሚባለውን ፍሬ አሽትቶ የማያውቅ ሰው በወይን ውስጥ አገኘሁት ቢል ይዋሻል። እኛ የተስማማነው ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ሽታ ስም እንዲጠራ ነው። በወረቀቶቻችን ላይ እንጆሪ፣ ዘቢብ፣ ኮረሪማ፣ የቆላ ማር፣ የወይራ ጭስ፣ አዲስ ቆዳ፣ የመጀመሪያ ዝናብ የመታው አፈር የሚሉ ቃላት ሞልተዋል።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሲራህ ከሚባለው የወይን ዘር በተሠራ ቀይ ወይን ውስጥ የቁንዶ በርበሬ ሽታ አለ ሲባል ምሳሌያዊ አነጋገር ይመስላል። ነገር ግን ለቁንዶ በርበሬ ሽታውን የሚሰጠው ሮተንዶን የተባለ ንጥረ ነገር ራሱ በወይኑ ውስጥ መኖሩን የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 አሳውቀዋል። ከአምስት ሰዎች አንዱ ገደማ ደግሞ ይህንን ንጥረ ነገር ከነጭራሹ ማሽተት አይችልም። ስለዚህ አንዱ «ቁንዶ በርበሬ አለው» ሲል ሌላው «የታለ?» ቢለው ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በጓደኝነት ቅምሻ ውስጥ ከሚነሱ ጭቅጭቆች ብዙዎቹ የአፍንጫ ልዩነት ናቸው።

በመጨረሻ ይቀመሳል። ጥቂት ተጎንጭቶ በአፍ ውስጥ ማንሸራሸር ያስፈልጋል። ኮምጣጣነቱ ምራቅ በማስመጣቱ ይታወቃል። ታኒን የሚባለው ደግሞ ድድን የሚያደርቅና አፍን የሚያኮማትር ስሜት ነው፤ ረጅም ጊዜ የፈላ ስኳር የሌለው ሻይ የጠጣ ሰው ያውቀዋል። አልኮሉ ጉሮሮን በማሞቁ ይለያል። ጣፋጭነት የቀረውን ስኳር ይመለከታል፤ «ደረቅ» የሚባለውም ስኳሩ በአብዛኛው ወደ አልኮል የተለወጠበት ወይን ነው። ጥሩ ወይን ማለት ከእነዚህ አንዱ ሌላውን የማይጫንበትና ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ ቶሎ የማይጠፋ ነው።

እዚህ ላይ ወይንን በኮካ ወይም በስፕራይት የሚቀላቅሉትን የሚንቁ አሉ። ስፔናውያን ቀይ ወይንና ኮላ ቀላቅለው «ካሊሞቾ» ብለው በግልጽ ይጠጣሉ። በቅምሻ ሰዓት ግን ወይኑ ብቻውን ይቀመስ። ጋሼም በዚህ ተስማምተው የአምቦ ውኃቸውን ለእራት ያቆዩታል።

አፍንጫ ሲጠፋ

ከመካከላችን አንዷ ሙያዋ ቡና ቀማሽነት ነው። ቀኑን ሙሉ በማንኪያ እየማገችና እየተፋች ናሙና ስትመዝን የምትውል በመሆኗ በወይኑም ከሁላችን ትበልጥ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ኮቪድ ይዟት ካገገመች በኋላ እንደገና ስንሰበሰብ ግን ወረቀቷ ላይ ከየቁጥሩ ትይዩ የሰፈረው ሁለት ሁለት ቃል ብቻ ሆነ። «ኮምጣጣ፣ ደረቅ»፤ «ጣፋጭ፣ ቀላል»። ሰንፈሻል ብለን ቀለድንባት። እሷ አልሳቀችም።

ጥቂት ቆይታ «ምንም አይሸተኝም። አምስት ሳምንት ሆነኝ። የምትሰጡኝ ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ ነው» አለች። መሥሪያ ቤቷ አያውቅም ነበር። አጠገቧ የሚቀምሰው ባልደረባዋ የጻፈውን እያየች ተቀራራቢ ነጥብ ስትሞላ ሰንብታለች። ሌላ ሙያ የላት፤ የምታስተዳድረው ቤተሰብ አላት። «ጠርሙሱ ባይሸፈን ኖሮ እናንተም አታውቁብኝም ነበር። ስሙን አይቼ እንደ ድሮው እናገር ነበር» አለችን።

ምላስ በራሱ የሚለየው ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨው፣ መራራ እና የሥጋ መረቅ ዓይነት ጣዕምን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ እንጆሪውም ኮረሪማውም፣ ከአፍ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። ይህንን ማንም ሰው አፍንጫውን በጣቱ ይዞ ወይን በመጎንጨት፣ ከዚያም በመልቀቅ ሊያረጋግጠው ይችላል። በዚያ ምሽት ሁላችንም እንዲህ አድርገን ጓደኛችን ያለችበትን ለአፍታ ቀመስነው። ከዚያ በኋላ ለመሳቅ የደፈረ አልነበረም።

ሐኪም ዘንድ ሄዳ የተመከረችው የማሽተት ልምምድ ነው። ዘዴው በጀርመን አገር በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት የታወቀ ሲሆን፣ አራት ሽታዎችን ማለትም ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ እና ባሕር ዛፍን ጠዋትና ማታ ለ12 ሳምንታት ማሽተት ነው። አራቱም በእኛ አገር የማይጠፉ ናቸው። የሚሻላቸው አሉ፤ የማይሻላቸውም አሉ። እሷ ለአለቃዋ እውነቱን ተናግራ ወደ መዝገብ ሥራ ተዛወረች። ልምምዱን ጀምራ በአራተኛው ወር መጀመሪያ የተመለሰላት ቅርንፉድ ነው። ወደ ቅምሻ ጠረጴዛዋ የተመለሰችው ግን ከዓመት በኋላ ሲሆን፣ አንዳንድ ሽታዎች እስከ ዛሬ እንደ ድሮው እንዳልሆኑላት ትናገራለች።

የአገራችን ወይን

የኢትዮጵያ ወይን ጠጅ ሲነሳ ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚመጣው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው። ቀዩ ጉደር እና ጣፋጩ አክሱሚት በየሠርጉና በየበዓሉ ለትውልድ ሲቀርቡ ኖረዋል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2013 ከመንግሥት ወደ ግል ይዞታ ተዛውሯል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው ዝዋይ ወይም ባቱ ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከፈረንሳይ የመጡ ችግኞችን ተክሎ፣ ሪፍት ቫሊ እና አካሺያ የተባሉ ወይኖቹን እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቅርቧል። ከተተከሉት ዘሮች መካከል ሜርሎ፣ ሲራህ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን እና ሻርዶኔ ይገኙበታል። ጉማሬና ሌሎች አውሬዎች እንዳይገቡ እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል።

ወይን በአውሮፓ በክረምቱ ብርድ ይተኛል። ከምድር ወገብ ብዙም በማይርቀው ስምጥ ሸለቆ ግን የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ ገበሬው ራሱ በመግረዝና ውኃ በመቆጣጠር ነው ለተክሉ የዕረፍትና የፍሬ ጊዜ የሚወስንለት። የቦርዶን ወይን መለኪያ አድርጎ የዝዋዩን «አይመስልም» ማለት የይርጋጨፌን ቡና የብራዚል አልመሰለም ብሎ እንደ መውቀስ ነው። ተሸፍኖ በራሱ ይቀመስ።

ከመፍረድ በፊት

አንድን ወይን መጥፎ ነው ከማለት በፊት ተበላሽቶ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ጆንያ የሚሸት ከሆነ ችግሩ የቡሹ ሊሆን ይችላል፤ በጣም ጥቂት መጠኑ እንኳ ወይኑን የሚያበላሽ ቲሲኤ የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ አየር ገብቶበታል። የተቀቀለ ፍሬ የሚሸትና ቡሹ ወደ ውጭ የተገፋ ከሆነ ደግሞ ሙቀት መትቶታል። በሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ የቱንም ያህል ስም ቢኖረው አይገዛ። በቤትም ቡሽ ያለው ጠርሙስ ተጋድሞ፣ ከብርሃንና ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ። የእኔ ውድ ጠርሙስ ከእነዚህ አንዱ ደርሶበት እንደሆነ አጣርቼ ነበር፤ ጤነኛ ነው። እኔ ያልወደድኩት ጤነኛ ወይን ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ለራስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ለጤና ምንም ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ሲል አሳውቋል። ስለዚህ ቅምሻ የመጠጣት ሰበብ መሆን የለበትም። የሚጠጣው ያንስ፣ የሚጻፈው ይብዛ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ መድኃኒት የሚወስድ ወይም የተወ ሰው አይገደድ፤ ጠቅልሎ ቁጥር የሚሰጥ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል። መኪና የያዘም ቁልፉን ለባለቤቱ ሰጥቶ በታክሲ ይመለስ።

ባለፈው ቅምሻችን ከተሸፈኑት አንዱ ላይ ቡና ቀማሿ ጓደኛችን ከሁላችን ቀድማ «ቁንዶ በርበሬ» ብላ ጻፈች። እኔ ምንም አልሸተተኝም። ጋዜጣው ሲገለጥ ሲራህ ነበር። እኔ ከአምስቱ ሰዎች አንደኛው መሆኔ ነው መሰለኝ። ቀደም ሲል ቢሆን «አዎ፣ አዎ፣ በደንብ አለው» ብዬ ባለፍኩት ነበር። አሁን ግን በወረቀቴ ላይ «አልሸተተኝም» ብዬ ጻፍኩ፤ ማንም አልሳቀብኝም።